የኮሪያ የሩዝ ሳህን በወልድያ ምድጃ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የኮሪያ ተከታታይ ድራማዎች በወጣቱ ዘንድ ሰፊ ተወዳጅነት ማትረፋቸው ይታወቃል። ከድራማዎቹ ጋር አብሮ የገባው ግን ዘፈንና የፀጉር አቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ የምግብ ፍላጎትም ገብቷል። ከሁሉ በላይ የተማሪውን ዓይን የሳበው ቢቢምባፕ የሚባለው የሩዝ ምግብ ነው። በኮሪያ ቋንቋ «ቢቢም» ማለት የተደባለቀ፣ «ባፕ» ማለት ደግሞ የበሰለ ሩዝ ማለት ነው። በጎድጓዳ ሳህን ነጭ ሩዝ ይቀርባል፤ በላዩም ለየብቻ የተዘጋጁ አትክልቶች በየቀለማቸው ይደረደራሉ፤ ጥቂት ሥጋና አንድ የተጠበሰ እንቁላል ይታከላል፤ በመጨረሻም አንድ ማንኪያ ቀይ የበርበሬ ማባያ ጠብ ተደርጎበት በማንኪያ ተማስሎ ይበላል።

ይህን ምግብ በወልድያ ወይም በመርሳ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ለመሥራት የሞከሩ ተማሪዎች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያነሡልናል። የመጀመሪያው፣ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው 12 ደቂቃ ያህል በለሰለሰ እሳት ያበሰሉት ሩዝ ልቡ ድርቅ ብሎ የሚቀረው ለምን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ጎቹጃንግ የተባለው የኮሪያ ማባያ በሰሜን ወሎ ገበያ ስለማይገኝ በምን ሊተካ እንደሚችል ነው። ጥያቄዎቹ የወጥ ቤት ጥያቄዎች ቢመስሉም የመጀመሪያው የፊዚክስ፣ ሁለተኛው የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው።

የምግብ አዘገጃጀት ጽሑፍ በአንድ በተወሰነ የአየር ግፊት፣ በአንድ በተወሰነ የእህል ዝርያና በአንድ ዓይነት ድስት የተለካ የሙከራ ውጤት ነው። ቦታው ሲለወጥ ልኬቱም ይለወጣል። ስለዚህ ምትክ ስንፈልግ «ይህን የሚመስል ምን አለ?» ብለን ከመጠየቅ «ይህ ነገር በሳህኑ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። በዚህ መንገድ ስንሄድ የሀብሩ ወረዳ ምርት ለኮሪያ ሳህን ከምንገምተው በላይ ቅርብ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከፎገራ የመጣው ሩዝ

ኮሪያ ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኮሪያ ወደ ዘመተው ወደ ቃኘው ሻለቃ ነው። እምብዛም የማይነገረው ሌላው ግንኙነት ግን በሳህናችን ላይ ይገኛል። በደርግ ዘመነ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት የሩዝ ልማት እንዲጀመር ረድተዋል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ሜዳው በውሃ ይጥለቀለቃል፤ ለሌላው እህል ጠንቅ የሆነው ይህ ውሃ ለሩዝ ተስማሚ ሆነ። «ኤክስ-ጅግና» እየተባለ የሚጠራው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ዛሬ የፎገራ ገበሬ ሩዝን ከጤፍ ጋር አደባልቆ እንጀራ ይጋግርበታል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ የሚመጣው መንገድ መድረሻው ወልድያ መሆኑን ለአካባቢው አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ያነሣነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። የሩዝ ስታርች በዋናነት ከሁለት ዓይነት ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። አሚሎስ የተባለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሲሆን፣ አሚሎፔክቲን የተባለው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የበዛበት ነው። አሚሎስ የበዛበት ሩዝ ሲበስል ፍሬው ለየብቻው ይቆማል፤ አሚሎስ ያነሰበት ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል። ኮሪያውያን የሚመርጡት አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለውን፣ ተያያዥ የሆነውን ነው፤ በቀጭን እንጨት ለማንሣትም ሆነ ከማባያው ጋር ለመማሰል የሚመቸው እርሱ ነውና።

በመሆኑም ሱቅ ሲገባ ከውጭ ከመጣው ረጅምና ቀጭን ሩዝ ይልቅ አጭርና ወፍራም ፍሬ ያለውን የአገር ውስጥ ሩዝ መምረጥ ይመከራል። በቢጫነቱ የሚታወቀው፣ ከነገለባው ተቀቅሎ የደረቀው ሩዝ ለዚህ ምግብ አይሆንም፤ ስታርቹ አስቀድሞ ስለ ጠጠረ ቢበስልም አይያያዝም። የገዙት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ማንኪያ አብስሎ በሁለት ጣት መካከል መጫን ይበቃል። ከዚህ ሌላ በአገራችን የተለመደውን፣ ሩዙን አስቀድሞ በዘይትና በሽንኩርት ማቁላላትን መተው ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ፍሬውን ለብሶ እንዳይያያዝ ያደርገዋል።

ወልድያ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህም ውሃው ገና ሳይግል መፍላት ይጀምራል። እንደ ቀላል ስሌት፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍላት ነጥቡ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷ 80 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ሲሆን ውሃ የሚፈላውም በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ወርደን መርሳ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ስለሚቀንስ 95 ዲግሪ እንጠጋለን። በተቃራኒው ወደ መቄትና ዋድላ ደጋ ወጥተን 3,000 ሜትር ላይ ብንቆም ውሃው በ90 ዲግሪ ይፈላል። የኮሪያው መጽሐፍ ግን የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት ቦታ ነው።

ሰባት ዲግሪ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ሩዝ በሚበስልበት ጊዜ የሚካሄደው ለውጥ እንደ አብዛኛው ኬሚካዊ ሂደት በሙቀት መጠን እጅግ የሚወሰን ነው። በስሌት ስንመለከተው በባሕር ጠለል 10 ደቂቃ የሚፈጅ ብስለት በወልድያ 16 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ እሳቱን ማብዛት ነው፤ ይህ ግን ትርፍ የለውም። አንድ ጊዜ መፍላት የጀመረ ውሃ እሳቱ ምንም ቢበረታ ሙቀቱ ከ93 ዲግሪ አያልፍም። ትርፉ እሳት ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል፤ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለማትነን 2,260 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋልና ከሰሉ በከንቱ ያልቃል፤ ውሃውም ሩዙ ሳይበስል ይደርቃል።

ሌላው የተለመደ ዘዴ ክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫን ነው። ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚሠራ ማስላት ለ11ኛ ክፍል ተማሪ መልካም ልምምድ ነው። የክዳኑ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የገጹ ስፋት 0.0314 ካሬ ሜትር ይሆናል። የ3 ኪሎ ግራም ድንጋይ ክብደት ወደ 30 ኒውተን ይጠጋል። 30ን ለ0.0314 ብናካፍል ከ1,000 ፓስካል በጥቂቱ ያነሰ፣ ማለትም 1 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ግፊት እናገኛለን። ይህ የመፍላት ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው በ0.3 ዲግሪ ብቻ ነው። ወልድያን በግፊት ወደ ባሕር ጠለል ለማውረድ 22 ኪሎፓስካል ያህል ያስፈልጋል፤ ለዚህም ክዳኑ ላይ 70 ኪሎ ግራም መጫን፣ ማለትም አንድ ጎልማሳ ሰው ማስቀመጥ ሊኖርብን ነው! ድንጋዩ ግን ፈጽሞ ሥራ ፈት አይደለም። ክዳኑን ከድስቱ አፍ ጋር አጣብቆ እንፋሎቱን ስለሚይዝ ውሃ በከንቱ አይጠፋም፤ ከላይ ያለው ሩዝም ከታችኛው እኩል ይበስላል። የኮሪያ ባህላዊ የብረት ድስት ክዳኑ እጅግ ከባድ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳኑን በሽቦ ማሰር ወይም በማናቸውም ነገር ቆልፎ ማፈን ግን ድስቱን ወደ ፈንጂ መለወጥ ነውና ፈጽሞ መሞከር የለበትም። በግፊት የሚያበስለው ድስት (በተለምዶ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው) ማስተንፈሻ ያለው ለዚህ ነው፤ ከውጭው አየር በላይ 100 ኪሎፓስካል ያህል ሲጨምር በወልድያም ቢሆን ውሃውን 117 ዲግሪ ያደርሰዋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ያልነውን ሁሉ ሊዘልለው ይችላል።

ለሌሎቻችን የቀረው መንገድ መዘፍዘፍ ነው። የሩዝ መብሰል ሁለት ሥራዎችን ይይዛል፤ ውሃ ወደ ፍሬው እምብርት መግባቱና ስታርቹ በሙቀት መፍታቱ። የመጀመሪያው ሥራ ያለ እሳት ሊሠራ ይችላል። ሩዙ ሦስት አራት ጊዜ ታጥቦ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘፈዘፍ እሳት ላይ ሲወጣ የሚቀረው ሁለተኛው ሥራ ብቻ ይሆናል።

ስለ ውሃው መጠንም አንድ ነገር እንበል። «ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ ውሃ» የሚለው ልማድ ስሕተት ላይ ይጥላል። ሩዙ የሚጠጣው ውሃ በመጠኑ ከራሱ ጋር እኩል ገደማ ሲሆን፣ የቀረው ለእንፋሎት የሚከፈል ነው። እንፋሎቱ ደግሞ የሚወሰነው በክዳኑና በጊዜው እንጂ በሩዙ ብዛት አይደለም። ስለዚህ በደንብ ለሚገጥም ድስት ሩዙ 1 ብርጭቆም ይሁን 4 ብርጭቆ፣ በሩዙ ልክ ውሃ ከተለካ በኋላ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ብርጭቆ ብቻ ይጨመራል። የሚዘፈዘፍበት ውሃ ራሱ የሚበስልበት ውሃ ቢሆን ልኬቱ አይዛባም። በመካከለኛ እሳት እስኪፈላ ይጠበቃል፤ ከዚያ እሳቱ እጅግ ዝቅ ተደርጎ 18 ወይም 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ወርዶም ክዳኑ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ያርፋል። በየመካከሉ ክዳኑን እያነሡ ማየት የተጠራቀመውን እንፋሎት መበተን ነው።

ከሰል የሚጠቀሙ ተማሪዎች ምድጃውን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ማኖር አለባቸው። ሩዝ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ለብርዱም ይሆናል በማለት በርና መስኮት ዘግቶ በክፍል ውስጥ ማብሰል ሕይወት ያስከፍላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ራስ ምታት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ይኖርበታል።

ማሽላ በሩዝ ድስት ውስጥ

የሀብሩ ሰው ሩዝ ሲወደድበት ማሽላ ቢቀላቅል ምግቡን ያበላሸ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በኮሪያ በጨረቃ አቆጣጠር የዓመቱ የመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት በዓል «ኦጎክባፕ» የተባለ ምግብ ይቀርባል። ትርጉሙ የአምስት እህል ሩዝ ማለት ሲሆን፣ ከአምስቱ መካከል አንዱ ማሽላ ነው። ማሽላ የተላመደው በእኛ በኩል ባለው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሆነ ስናስብ፣ ኮሪያ ድረስ የተጓዘው እንግዳ እርሱ መሆኑን እንረዳለን።

የወሎ ማሽላ ደግሞ በሳይንሱ ዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ የማሽላ ዝርያዎችን ሲመረምሩ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዝርያዎች አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የተወሰዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያለ ከሚጠራቸው ዓይነቶች ወገን ናቸው። ላይሲን ሰውነታችን ሊሠራው የማይችል፣ በሩዝም ሆነ በተራው ማሽላ ውስጥ የሚያንስ ንጥረ ነገር ነው። የገበሬው ስም አወጣጥ ከቤተ ሙከራው ቀድሞ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በማሽላ ላይ ብዙ የሠራ ተቋም ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ነጭ ማሽላ ተለቅሞ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ በማግሥቱ እንደ ንፍሮ ለብቻው ግማሽ ብስል እስኪሆን ይቀቀላል፤ ከዚያ ለሦስት እጅ ሩዝ አንድ እጅ ሆኖ ከሩዙ ጋር አብሮ ይበስላል። ቀዩ ማሽላ ታኒን ስለሚበዛበት መረር ይላል፤ የፕሮቲንን መፈጨትም ስለሚያውክ ለዚህ አይመረጥም።

ቀዩ ማባያ

ጎቹጃንግ ከበርበሬ ዱቄት፣ ከተያያዥ ሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተር፣ ከገብስ ብቅልና ከጨው ተዘጋጅቶ በሸክላ ጋን ውስጥ ለወራት የሚብላላ ማባያ ነው። በርበሬ ለኮሪያም ለእኛም እንግዳ ተክል ነው፤ የተገኘው ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜ በኋላ ነው። ሁለት ሕዝቦች አንድን እንግዳ ተቀብለው ያለ እርሱ መብላት እስከማይችሉ መድረሳቸው ይገርማል።

ብዙዎች ጎቹጃንግን በአዋዜ ይተኩታል። አዋዜ ያቃጥላል፤ የጎቹጃንግ ሥራ ግን ማቃጠል ብቻ አይደለም። ጣፋጭነት አለው፤ እንደ ማር ይለጠጣል፤ ከአኩሪ አተሩ መብላላት የሚገኝ፣ ግሉታሜት የተባለው ንጥረ ነገር የሚሰጠው የሥጋ መረቅ የሚመስል ጣዕምም አለው። በዚያ ላይ በአዋዜ ውስጥ ያለው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የራሱን መዓዛ ስለሚያመጣ ሳህኑ ኮሪያን ትቶ ወደ ቁርጥ ሥጋ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ቅመም ያልገባበት፣ ፍሬው ተራግፎ የተፈጨ የዛላ በርበሬ ዱቄት ነው። የግሉታሜቱን ሥራ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ያከናውነዋል። የጣፋጭነቱንና የመለጠጡን ሥራ ደግሞ ኮሪያውያን በሚሠሩበት መንገድ እንሠራዋለን፤ ይኸውም በብቅል ነው።

እህል ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ እንዲሆን ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ አሚሌስ የተባሉ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ብቅል የሚጨምሩት እርሾው የሚበላውን ስኳር እንዲያገኝ ነው። ኮሪያዊቷ እናትም ብቅሉን በሩዝ አጥሚት ላይ የምትጨምረው ለዚሁ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እርሷ ስኳሩን ለምላስ ማስቀረቷ ነው። ኢንዛይሞቹ ግን ሙቀት ይመርጣሉ። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ፈጥነው ይሠራሉ፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ዋናዎቹ ይበላሻሉ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይዘገያሉ። በቤታችን ቴርሞሜትር ስለሌለ 65 ዲግሪን በምን እንለካለን?

በስሌት እንለካለን። በወልድያ የፈላ አጥሚት 93 ዲግሪ መሆኑን አውቀናል። ከእንስራ የተቀዳ ውሃ 20 ዲግሪ ነው እንበል። የአጥሚት ሙቀት የመያዝ ጠባይ ከውሃ ብዙ ስለማይለይ፣ 8 ጭልፋ የፈላ አጥሚትና 5 ጭልፋ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደባለቁ፦ 8 ሲባዛ በ93፣ ሲደመር 5 ሲባዛ በ20፣ ለ13 ሲካፈል 65 ይሆናል። የመርሳ አንባብያን በራሳቸው የመፍላት ነጥብና ሞቅ ባለው ውሃቸው ቁጥሩን እንዲያርሙ እንተዋለን።

አንድ ብርጭቆ ሩዝ በደንብ ፈስሶ እስኪላላ ድረስ በ4 ብርጭቆ ውሃ ተቀቅሎ ይፈጫል ወይም በማማሰያ ይደቆሳል። ከዚያ ከላይ በተባለው ልክ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባበታል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርና ድስቱ ተከድኖ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ብቅሉ በፀሐይ የደረቀ መሆን አለበት፤ አሻሮ አይሆንም፤ የተቆላው እህል ኢንዛይሙን በእሳት አጥቷልና። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ሲከፈት አጥሚቱ ቀጥኖ፣ ሲቀመስም ያለ አንዳች ስኳር ጣፍጦ ይገኛል። ይህን ለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ሁለት ጊዜ መቅመሱ የማይቀር ነው። በነጠላ ተጠልሎ ፈሳሹ እንደ ማር እስኪወፍር ይነጠራል። በመጨረሻም አንድ ብርጭቆ የበርበሬ ዱቄት፣ የቲማቲሙ ድልህ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ተጨምሮ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ይቁላላል። ለወራት እንደ ተብላላው ጎቹጃንግ ጥልቅ ጣዕም አይኖረውም፤ ለቢቢምባፕ ግን ከበቂ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው ተመሳሳዩን በርበሬ በማር ይለውስ።

በላዩ የሚደረደረው

አትክልቱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በስፒናች ፋንታ ቆስጣ፣ እንዲሁም ካሮትና ዝኩኒ ይሆናሉ፤ ሁሉም በቀጭኑ ተከትፈው ለየብቻቸው በጥቂት ዘይት ቶሎ ይገላበጣሉ። ለየብቻ መሆኑ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የየራሳቸው የውሃ መጠንና የመብሰያ ጊዜ ስላላቸው ነው። የኮሪያ የሰሊጥ ዘይት የሚጨመቀው ከተቆላ ሰሊጥ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሰሊጥ በምጣድ ላይ ወርቃማ እስኪሆን ተቆልቶ በሙቀጫ ይወቀጥና ለብ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ይነከራል። የመዓዛው ንጥረ ነገሮች በስብ ስለሚሟሙ ዘይቱ ይወስዳቸዋል።

በኮሪያ ሳህን የማይቀረው ነጭ ቡቃያ ከማሾ ወይም ከአኩሪ አተር የሚበቅል ነው። የወሎ ቆላ ማሾን ያውቃል፤ በቆልትም ለጾመኛ ቤት አዲስ አይደለም። ማሾው ስምንት ሰዓት ተዘፍዝፎ ውሃው ይጠነፈፍና በወንፊት ላይ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በጨለማ ይቀመጣል፤ በቀን ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ጨለማው ለምን አስፈለገ? ብርሃን ያጣ ቡቃያ ክሎሮፊል ሳይሠራ ብርሃን ፍለጋ ስለሚረዝም ነጭና ለስላሳ ይሆናል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይደርሳል። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ባክቴሪያንም ስለሚያፋፋ ጥሬውን ሳይሆን በፈላ ውሃ ሁለት ደቂቃ ያህል ከተቀቀለ በኋላ መብላት ያስፈልጋል።

ሥጋ ለሚጨምር ሰው መርሳ የራሷን መልስ ትሰጣለች። ኮሪያውያን ሥጋውን የሚያለሰልሱት በአገራቸው ፒር ጭማቂ ነው። በመርሳ ገበያ የሚገኘው ያልበሰለ ፓፓያ ደግሞ ፓፔይን የተባለ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም በብዛት ይዟል። አንድ ማንኪያ የተፈገፈገ አረንጓዴ ፓፓያ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር በስሱ የተከተፈ ሥጋ ላይ ይታሻል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ማቆየት ግን አይገባም፤ ሥጋው ወደ ሊጥነት ይለወጣል። በጾም ወቅት ሥጋውና እንቁላሉ ይቀራሉ፤ ማሾው ስላለ ፕሮቲን አይጎድልም።

የተረፈው ሩዝ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ሕዋሱ መፍላትን ይቋቋማል፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ይነቃና መርዝ ያመነጫል። ከመርዞቹ አንዱ እንደ ገና በማሞቅ አይጠፋም። ስለሆነም የተረፈው በሰፊ ዕቃ ላይ ተዘርግቶ ፈጥኖ መቀዝቀዝና በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ ያብስል።

የድንጋዩ ሳህን

ዶልሶት በተባለው የድንጋይ ሳህን የሚቀርበው ቢቢምባፕ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላም እየተንጫጫ ይቆያል። ውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን አብሮን ይሠራ የነበረ ኮሪያዊ ባልደረባ ይህን ሲያቀርብልን፣ የድንጋዩ ምስጢር «ሙቀት መያዙ» ነው ይል ነበር። ነገሩ እውነት ቢሆንም ምክንያቱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም ድንጋይና አንድ ኪሎ ግራም አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈልጉት ጉልበት ተቀራራቢ፣ 0.9 ኪሎጁል ገደማ ነው። ልዩነቱ ያለው በክብደታቸው ነው። 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የድንጋይ ሳህን ከ200 ወደ 90 ዲግሪ ሲበርድ 150 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል፤ 300 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ድስት ግን 30 ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ድንጋይ ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ያጠራቀመውን ቀስ እያለ ያወጣዋል።

በዚህ ሚዛን ወፍራሙ የሸክላ ድስታችን ከድንጋዩ ወገን ነው። በውስጡ ዘይት ይቀባል፤ የበሰለው ሩዝ ይጨመራል፤ አትክልቱ ይደረደርበታል፤ በለሰለሰ እሳት ላይ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሸክላው ቀዝቃዛ ሳለ በኃይለኛ ፍም ላይ መጣድ፣ ወይም የጋለውን በእርጥብ ነገር ላይ ማስቀመጥ ይሰነጥቀዋል፤ አንዱ ወገኑ ቀድሞ ሲለጠጥ ሌላው ይቀራልና። ከሥሩ ያለው ሩዝ ውሃ እስካለው ድረስ ከ93 ዲግሪ አያልፍም፤ ውሃው አልቆ ሙቀቱ 140 ዲግሪ ሲያልፍ ስኳርና አሚኖ አሲድ ተዋሕደው ቡናማ ቀለምና የቆሎ መዓዛ ያለው ቅርፊት ይፈጠራል። የዳቦን ቅርፊትና የተቆላ ቡናን የሚያሸትተው ሂደትም ይኸው ነው። ጆሮ ለዚህ ከዓይን ይበልጣል፤ የሚፍለቀለቀው ድምፅ ወደ ደረቅ ንጭጭታ ሲለወጥ ቅርፊቱ ጀምሯልና ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል።

ሩዙ ከተበላ በኋላ ከሸክላው ሥር ተጣብቆ የሚቀረውን ኮሪያውያን በጉልበት አይፍቁትም። ሙቅ ውሃ ይጨምሩበትና ጥቂት አፍልተው እንደ ሻይ ይጠጡታል፤ ሱንግኒዩንግ ይባላል። ድስቱም በዚያው ይለቀለቃል።